የኦርጋኒክ እርሻ ሰብል ፈረቃን በሒሳብ ማቀድ፦ አዳማ ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማና ዙሪያዋ፣ በተለይ አዋሽን ተከትሎ በመስኖ ለሚያለሙና ኦርጋኒክ ለማምረት ለጀመሩ ወይም ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ገጽ ነው። ሒሳብ የሚፈራ ሰው እንዳይሸሽ። መደመርና ማወዳደር ለሚችል ሰው የሚከብድ ነገር የለውም።

ጎረቤቴም ሰብል ያፈራርቃል። ኦርጋኒክ ላይ ለምን እንዲህ ይጠብቃል?

ጎረቤታችሁ መሬቱ ሲደክምበት ዩሪያ ይጨምራል። በሽታ ሲመጣበት ይረጫል። ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብቻ መውጫ አለው። ኦርጋኒክ አምራች ግን እነዚህ መውጫዎች ተዘግተውበታል። የቀሩት ኮምፖስት፣ ፍግ፣ አረም በእጅ መንቀል፣ የተፈጥሮ መከላከያዎችና ቅደም ተከተል ናቸው። ቲማቲም ከምን በኋላ ይምጣ? ሽንኩርት ወደዚያው ማሳ መቼ ይመለስ? የለምነቱም፣ የበሽታውም፣ የአረሙም፣ የገቢውም ጉዳይ እዚህ ጥያቄ ላይ ይገናኛል። ስለዚህ ፈረቃው ከተበላሸ በሌላ ነገር መካስ በጣም ከባድ ነው።

"በሒሳብ ማቀድ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ሥራው አንድ ነው፦ ከሚፈቀዱት አማራጮች ሁሉ የተሻለውን መፈለግ። ሦስት ነገር መጻፍ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ውሳኔው። በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ዙር፣ ምን ይዘራ? ለእያንዳንዱ ጥምረት አንድ ሳጥን አስቡ። "ማሳ 2፣ የጥቅምት ዙር፣ ሽንኩርት" የሚል ሳጥን። ከተዘራ 1፣ ካልተዘራ 0 ይጻፍበታል። ቀጥሎ ግቡ። አብዛኛው ሰው የተጣራ ትርፍ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የቤተሰብ ቀለብ መጀመሪያ ይሟላ፣ ትርፉ ከዚያ በኋላ ይምጣ ይላል። ሁለቱም ይቻላል። በመጨረሻ ገደቦቹ፦ ያለን ውኃ፣ ያለን የሰው ጉልበት፣ ገበያው የሚችለው መጠን፣ አፈሩ የሚፈልገው ዕረፍት።

እነዚህን ከጻፋችሁ በኋላ ሳጥኖቹን የሚሞላው ኮምፒውተሩ ነው። ከባዱና ዋጋ ያለው ሥራ ግን የእናንተ ነው። ለዓመታት በልምድ ስትሠሩበት የኖራችሁትን ደንብ በወረቀት ማስፈር ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ኮምፒውተሩ ባይኖር እንኳ ይህ ክፍል ብቻውን የሚያዋጣ ይመስለኛል።

በጭንቅላቴ አቅዳለሁ። አባቴም እንደዚያው ነበር። ኮምፒውተር ምን ይጨምርልኛል?

አንድ ማሳና ሁለት ሰብል ካላችሁ ምንም አይጨምርላችሁም። በጭንቅላት ይበቃል።

ሰብሉ 6፣ ዙሩ 6 ከሆነ ግን ለአንድ ማሳ ብቻ 46,656 ዓይነት ቅደም ተከተል አለ። ማሳው 4 ሲሆን ቁጥሩ 19 አሃዝ ይደርሳል። አብዛኛው የማይረባ ነው፤ ጥሩዎቹ እዚያ ውስጥ ተቀብረዋል። ኮምፒውተሩም ሁሉንም አንድ በአንድ አያይም። ከያዘው የተሻለ ሊያመጣ የማይችለውን ቅርንጫፍ ገና ከሥሩ ቆርጦ ይጥላል። ላንድ እና ዶይግ የተባሉ ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ ዛሬም በዚያው መሠረት ይሠራል።

የአባትን ልምድ የሚሽር ነገር የለበትም። አባትህ "ከቦሎቄ በኋላ መሬቱ ይነሳል" ካለ፣ ያ ራሱ ደንብ ሆኖ ይገባል።

በቁጥር አሳዩኝ።

እሺ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። የእናንተ ማሳ የራሱ ቁጥር አለው።

እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ማሳዎች አሉን። የምናቅደው ለ4 ዙር ነው። ከአንድ ማሳ በአንድ ዙር ሽንኩርት 100 ሺህ ብር፣ ቲማቲም 90 ሺህ፣ በቆሎ 40 ሺህ፣ ቦሎቄ 30 ሺህ ያተርፋል እንበል። ቦሎቄ ከተዘራ በኋላ የሚመጣው ሰብል፣ ምንም ይሁን ምን፣ 20 ሺህ ብር ይጨምራል። ደንቦቹ አራት ናቸው። አንድ ሰብል ወደ ማሳው ከመመለሱ በፊት በመሃል ቢያንስ 2 ዙር ይለፍ። እያንዳንዱ ማሳ በ4 ዙር ውስጥ አንዴ ቦሎቄ ያግኝ። በአንድ ዙር ሽንኩርት በሁለቱም ማሳ አይዘራ፣ ጉልበት አይበቃምና። ቲማቲምም እንደዚያው።

መጀመሪያ ብዙዎቻችን የምናደርገውን እናድርግ። በየዙሩ "አሁን የበለጠ የሚያተርፈው ምንድን ነው?" እያልን እንምረጥ።

ማሳ 1፦ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ።
ማሳ 2፦ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ።

ድምሩ 520 ሺህ ብር ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ በቆሎ ከቦሎቄ 10 ሺህ ስለሚበልጥ በቆሎ መረጥን። ቦሎቄውን ግዴታ ስለሆነ ብቻ መጨረሻ ላይ ወተፍነው።

አሁን አራቱንም ዙር በአንድ ላይ አይቶ የሚመርጠው ሒሳብ የሚሰጠን ይህን ነው።

ማሳ 1፦ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቦሎቄ፣ ሽንኩርት።
ማሳ 2፦ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቦሎቄ፣ ቲማቲም።

ድምሩ 670 ሺህ። መሬቱ ያው፣ ሰብሉ ያው፣ ደንቡ ያው ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ 10 ሺህ ብር መተው አራተኛውን ዙር ለሽንኩርትና ለቲማቲም ከፈተው፤ የቦሎቄውንም ጥቅም አብሮ አመጣ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 670ን አይታችሁ አትሩጡ። በመስኖ በዓመት ሁለት ዙር የምታመርቱ ከሆነ፣ ይህ ዕቅድ ሽንኩርትን በየአንድ ዓመት ተኩሉ ወደዚያው ማሳ ይመልሳል። ለበሽታ አጭር ነው። ኮምፒውተሩ አላጠፋም፤ 2 ዙር ይበቃል ብለን የጻፍነው እኛ ነን። ደንቡን ወደ 3 ዙር ከፍ አድርገን እንደገና ስናሰላ፣ እያንዳንዱ ሰብል በ4 ዙር ውስጥ አንዴ ብቻ ይገባል። ድምሩ 560 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ ለአፈሩ አንድ ዙር ዕረፍት መጨመር በሁለቱ ማሳዎች ላይ 110 ሺህ ብር ያስወጣል ማለት ነው። ብዙ ነው? ትንሽ ነው? በሽታ ገብቶ አንድ ዙር ሽንኩርት ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ከሚደርሰው ኪሳራ ጋር አወዳድሩት። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ አሁን ግን ዋጋውን አውቃችሁ ትወስናላችሁ።

ልብ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ትጠይቃላችሁ፦ 560 ከ520 የሚበልጠው ከየት መጥቶ ነው? ሰብሎቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ 40 ሺህ ብር የቦሎቄው ጥቅም ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ ቦሎቄው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጥቅሙ አምስተኛው ዙር ላይ ይገኛል፤ እኛ ግን የቆጠርነው እስከ አራተኛው ብቻ ነው። ይህ ወጥመድ ትልልቅ ዕቅዶች ላይም አለ። ኮምፒውተር የማያየው ወቅት ለእሱ የለም። ስለዚህ መጨረሻው ዙር ላይ አፈሩን እያሟጠጠ ያተርፋል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ ዕቅዱን ክብ ማድረግ፣ ማለትም ከመጨረሻው ዙር በኋላ የመጀመሪያው ይመለሳል ብሎ መጻፍ። ወይ መጨረሻ ላይ ለቀረው ለምነት ዋጋ መስጠት። እኔ ክብ የሆነውን እመርጣለሁ። ለማስረዳትም ለመከታተልም ይቀላል።

አዳማ አካባቢ የትኞቹን ደንቦች ልጻፍ?

ከሰብል ሳይሆን ከቤተሰብ ጀምሩ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ድንችና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቲማቲምን በቃሪያ መተካት ፈረቃ አይደለም። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት አንድ ናቸው። ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመንና ጎመን ዘር አንድ ናቸው። ቦሎቄ፣ ፎሶሊያ፣ ማሾና ሽምብራ አንድ ናቸው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ የሣር ወገን ናቸው። ደንቡ መጻፍ ያለበት ለቤተሰቡ ነው።

የዕረፍቱ ርዝመት እንደ በሽታው ይለያያል። ለሽንኩርትና ለቲማቲም ቤተሰብ በተለምዶ 3 ዓመት ገደማ ይመከራል። ነገር ግን ፈረቃ የማይፈታው ነገር አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትን ከሥሩ የሚያበሰብሰው ነጭ ሻጋታ አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያ ማሳ ውስጥ ከገባ ለዚያ ቤተሰብ ሳጥኖቹን በሙሉ 0 አድርጉና እርሱት።

ሥር የሚያሳብጠው ኔማቶድ (በዓይን የማይታይ የአፈር ትል) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቲማቲምን ያጠቃል፤ ቦሎቄንም ያጠቃል። ስለዚህ "ከቲማቲም በኋላ ቦሎቄ" የሚለው ጥሩ ደንብ ኔማቶድ ባለበት ማሳ ላይ መጥፎ ደንብ ነው። ቲማቲሙን ስትነቅሉ ሥሩን እዩ። ሥሩ ራሱ እንደ ዶቃ ክር ካበጠና እብጠቱ ከሥሩ የማይላቀቅ ከሆነ ኔማቶድ ነው። ቦሎቄ ላይ ግን ጥሩም እብጠት አለ። ናይትሮጅን የሚያስገቡት ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። በጣት ሲነካ ይላቀቃል፤ ሲሰበር ውስጡ ወደ ቀይ ያደላል። እሱን ስታዩ ደስ ይበላችሁ። ይህን ሳያዩ ደንብ መጻፍ በጨለማ መተኮስ ነው።

በስምጥ ሸለቆው የቲማቲም ማሳ ኦሮባንኪ የሚባለው ጥገኛ አረምም አለ። ቅጠል የሌለው፣ ከቲማቲሙ ሥር ተጣብቆ የሚያድግ ነው። ዘሩ ብናኝ ነው፤ ለዓመታት አፈር ውስጥ ይተኛል። ያለበትን ማሳ ከቲማቲም ቤተሰብ ረዘም ላለ ጊዜ አርቁት፤ አበባ ሳይዝም ንቀሉት።

ወቅትም ደንብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲከብድ ሽንኩርት በቅጠል በሽታ ይመታል። በመርጨት ማዳን ካልቻላችሁ የክረምት ሽንኩርት ሳጥን 0 ይሁን። ክረምቱ ለጤፍ፣ ለበቆሎና ለቦሎቄ፣ ደረቁ ወቅት በመስኖ ለአትክልት መሆኑ አካባቢው የለመደው ነው፤ ለኦርጋኒክም የሚስማማ ይመስለኛል።

ሌላው የጎን ለጎን ደንብ ነው። ቱታ አብሶሉታ የምንላት የቲማቲም የእሳት ራት ኢትዮጵያ ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ክንፍ ስላላት ከማሳ ማሳ ትሄዳለች፤ ቲማቲሙን 50 ሜትር ማዛወር ብቻውን አያስጥላችሁም። የቲማቲም ቤተሰብ በአንድ ዙር በአጎራባች ማሳዎች አይዘራ የሚል ደንብ መጻፍ ይቻላል። የብራዚል ተመራማሪዎች በአትክልት ፈረቃ ሒሳብ ውስጥ ይህን የአጎራባች ገደብ ሠርተውበታል። ጎረቤታችሁ የሚዘራውን ግን ኮምፒውተሩ አያዝበትም። ቡና ጠጡና ተነጋገሩ።

ቦሎቄ ብቻውን የናይትሮጅኑን ጉዳይ ይፈታዋል?

አይፈታውም። ቦሎቄ ከአየር ናይትሮጅን በመያዝ ከጥራጥሬ ወገን ሁሉ ጠንካራው አይደለም። ባቄላ ይበልጠዋል፤ ባቄላ ግን የደጋ ሰው ነው። ለቦሎቄ የሚስማማ ሕያው ማዳበሪያ (ናይትሮጅን የሚያስገቡት ባክቴሪያዎች ያሉበት) ከዘሩ ጋር ማሸት ይረዳል።

ከዚያ በላይ የሚጎዳን አንድ ልማድ አለ። ቦሎቄን ከነሥሩ ነቅለን አውድማ እንወስዳለን። እዚያ ወቅተን ገለባውን ለከብት እንሰጣለን። እህሉም፣ ገለባውም፣ ሥሩም ወጣ ማለት ነው። ማሳው ምን ቀረው? ቢቻል ሥሩን አስቀርታችሁ እጨዱ። ከብቱ ገለባውን ከበላ ደግሞ ፍጉ ወደዚያው ማሳ ይመለስ። ይህን የማታደርጉ ከሆነ ሒሳቡ ውስጥ "ከቦሎቄ በኋላ 20 ሺህ" የሚለውን አትጻፉ። 5 ሺህ ወይም ዜሮ ጻፉ።

የኮምፖስቱንም ልክ እንይ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ አንድ ኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። 1 በመቶ ናይትሮጅን ባለው ኮምፖስት ያንኑ ለማግኘት 46 ኩንታል ያስፈልጋል። ያም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ጥቂቱን ነው። ቀሪው በየዓመቱ እየተለቀቀ ይሄዳል። ስለዚህ ኮምፖስት ራሱ ገደብ ነው። በዓመት ስንት ኩንታል ማዘጋጀት ትችላላችሁ? ያንን ቁጥር ጻፉ። በቆሎና ጥቅል ጎመን ብዙ ይበላሉ፣ ቦሎቄ ትንሽ። ኮምፒውተሩ የትኛው ማሳ በየትኛው ዙር ኮምፖስቱን ቢያገኝ እንደሚሻል አብሮ ያሰላል። ይህ የብዙ ሰው ዓይን የማያርፍበት ጥቅም ነው።

ቁጥሮቹን ከየት አመጣለሁ?

ከራሳችሁ ደብተር። ከየማሳው የወጣው ኩንታል፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የቀን ሠራተኛው ብዛት፣ ለሞተር የገባው ነዳጅ፣ የዘር ወጪ። እነዚህን ካልመዘገባችሁ ከዛሬ ጀምሩ።

ለጎደለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ሲሆን በቦሎቄና በአትክልት ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። አዳማ ሬድ የሚባለው የሽንኩርት ዝርያ ስሙ ራሱ የት እንደተወለደ ይናገራል። የዝርያዎቹን የመድረሻ ቀን፣ የዘር መጠንና የሚመከር ርቀት ከባለሙያ ጠይቁ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛም (ዲኤ) ይጠቅማል፣ በተለይ በየትኛው ማሳ ምን በሽታ እንደታየ ያውቃል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ። የምርምር ጣቢያ ምርት ብዙ ጊዜ በማዳበሪያ የተገኘ ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ወስዳችሁ ኦርጋኒክ ዕቅድ ውስጥ አትክተቱ፤ ቀንሱለት።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም?

ኤክሴል ውስጥ ሶልቨር የሚባል መሣሪያ አለ። ከፕሮግራሙ ጋር ይመጣል፤ ከቅንብሩ ገብታችሁ ማብራት ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ የሚችለው 200 ሳጥን ነው። 4 ማሳ፣ 6 ሰብልና 8 ዙር 192 ስለሚሆን ይበቃዋል። 5 ማሳ ሲሆን 240 ይሆንና ያልፈዋል። ነጻው ሊብረ ኦፊስም የራሱ መፍቻ አለው።

ከዚያ በላይ ከሆነ ፓይተን ቋንቋ የሚችል ልጅ ፈልጉ። ፐልፕ እና የጎግል ኦአር ቱልስ የሚባሉት ነጻ ናቸው፤ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሳጥኖችም አይጨነቁም። አዳማ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ሰፈራችሁ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያጠና ወጣት አይጠፋም። ማሳችሁን አሳዩት፤ ለእሱም ጥሩ ልምምድ ነው።

"መፍትሔ የለም" ይለኛል። ምን ማለት ነው?

ደንቦቻችሁ እርስ በርስ ይጣላሉ ማለት ነው። "በየዓመቱ 20 ኩንታል ቲማቲም አቀርባለሁ" የሚል ውልና "ቲማቲም 3 ዓመት ይረፍ" የሚል ደንብ በሁለት ማሳ ላይ አብረው አይኖሩም። አንድ በአንድ አላሉ። ሲላላ የሚፈታው ደንብ ነው ጠበኛው። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

የሽንኩርት ዋጋ ዛሬ ሰማይ ነገ መሬት ነው። ታዲያ ዕቅዱ ምን ዋጋ አለው?

በአንድ ዋጋ ብቻ አታስሉ። ሦስት ጊዜ አስሉ፦ በመጥፎ ዋጋ፣ በመካከለኛና በጥሩ። ከዚያ በመጥፎው ዋጋ ጊዜ የማይጥላችሁን ዕቅድ እዩ። ብዙ ጊዜ በጥሩ ዋጋ ከሁሉ የሚበልጠው ዕቅድ በመጥፎ ዋጋ ከሁሉ የሚያንሰው ነው። ልጆች የሚያስተምር ቤተሰብ በአማካይ ትንሽ ቀንሶ የማይወድቀውን ቢመርጥ እኔ አልወቅሰውም፤ እንዲያውም እመክረዋለሁ። "ሽንኩርት በአንድ ዙር ከመሬቴ ሲሶ አይበልጥም" የሚል አንድ መስመር መጨመርም ብዙ ይጠብቃል።

ቦሎቄም የራሱ ገበያ እንዳለው አትርሱ። ነጭ ቦሎቄ ከዚህ አካባቢ ለውጭ ገበያ ሲሄድ የኖረ ነው። የግዴታ ሰብል ብቻ አድርጋችሁ አትዩት።

መሬቱ የኪራይ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ዙር ነው የያዝኩት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው። ለአንድ ዙር የተከራየ ሰው ያለውን አስገብቶ ቢያሰላ፣ ኮምፒውተሩ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ብቻ ይለዋል። ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የእሱ አይደለምና። የሚቀጥለውም ተከራይ ያንኑ ያሰላል። መሬቱ በየዙሩ ሰው ይቀየርለታል እንጂ ሰብል አይቀየርለትም። ባለቤቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚረከበው በሽታ የሞላበት ማሳ ነው።

በአንድ ዙር ኪራይ ኦርጋኒክ እርሻ አይቆምም ባይ ነኝ። ቢያንስ የ3 ወይም የ4 ዓመት ውል በጽሑፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ለድርድር ይጠቅማል። ለባለቤቱ "ቦሎቄ በምዘራበት ዙር ገቢዬ በዚህ ያህል ይቀንሳል፤ መሬትህ ግን ይጠበቃል፤ የዚያን ዙር ኪራይ ቀንስልኝ" ስትሉት ቁጥሩን በወረቀት አሳዩት። ከላይ ባየነው ምሳሌ የአንድ ዙር ዕረፍት ዋጋ 110 ሺህ ብር ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሊካፈሉት የሚችሉት ነገር ነው። ሳይቆጠር ሲቀር ግን መሬቱ ብቻውን ይከፍለዋል።

ኦርጋኒክ የሚል ማረጋገጫ ለማግኘት ፈረቃው ይጠየቃል?

አዎ። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ አላት፤ ቁጥር 488/1998። ለውጭ ገበያ ግን የሚቀበለው አገር ደንብ ነው የሚወስነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጥራጥሬ ያለበት ፈረቃ ይጠይቃል። ለዓመታዊ ሰብል ከመዝራት በፊት የ2 ዓመት የሽግግር ጊዜ አለው። አሜሪካ ከምርት መሰብሰቡ በፊት ያልተፈቀደ ነገር ያልነካው 3 ዓመት ትጠይቃለች። በሽግግሩ ጊዜ ምርታችሁ ይቀንሳል፤ የኦርጋኒክ ዋጋ ግን ገና አታገኙም። ስለዚህ እነዚያን ዙሮች በተራ ዋጋ አስሉ። ብዙ ዕቅድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መሬቱን በአንዴ ሳይሆን ማሳ በማሳ ማሸጋገር ይቻል እንደሆነ ሒሳቡ ይነግራችኋል። የምታወጡት ዕቅድና የምትይዙት መዝገብ ደግሞ ለመርማሪው የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

ይህ ነገር አዲስ ነው?

አይደለም። የሶቪየቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ለፋብሪካ ሥራ ጀመረው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 ሲምፕሌክስ የሚባለውን የመፍቻ ዘዴ አገኘ። ገና በ1951 ሂልድረዝ እና ራይተር የተባሉ ሰዎች ይህንኑ ሒሳብ ለሰብል ፈረቃ ምርጫ አዋሉት። ካንቶሮቪች በ1975 ከኢኮኖሚስቱ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ለኦርጋኒክ እርሻ ተብሎ የተሠራ ሮቶር የሚባል መሣሪያም በ2007 በጀርመን ተመራማሪዎች ቀርቧል። አዲሱ ነገር ያኔ ትልቅ ኮምፒውተር ይጠይቅ የነበረው ስሌት ዛሬ በተራ ላፕቶፕ መሠራቱ ነው።

በዝናብ ብቻ ነው የማመርተው። ጤፍ፣ በቆሎና ቦሎቄ። ያስፈልገኛል?

ለፈረቃው ብቻ ከሆነ ወረቀት ይበቃል። ኮምፖስቱን ለየትኛው ማሳ፣ ጉልበቱን ለየትኛው ሳምንት የሚለው ካስቸገራችሁ ግን ይጠቅማል። የጤፍ አረምና የቦሎቄ አረም በአንድ ሳምንት ሲገጥሙ ማን እንደሚያርም ያሰላችሁበት ቀን ይገባችኋል።

ዕቅዱ በመሃል ቢበላሽስ?

ይበላሻል። ዝናብ ይዘገያል፣ ችግኝ ይሞታል፣ ሞተር ይሰበራል። ስለዚህ የ8 ዙር ዕቅድ ስታወጡ ቁርጥ አድርጋችሁ የምትይዙት የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ነው። የቀረው በእርሳስ ነው። ዙሩ ሲያልቅ የሆነውን እንደሆነ አስገቡ። የተዘራው 1፣ ያልተዘራው 0 ሆኖ ይቆለፍ። ከዚያ አንድ ዙር ከፊት ጨምራችሁ እንደገና አስሉ። አዋሽ ሞልቶ ማሳ 3ን ውኃ ከያዘው፣ የማሳ 3ን የዚያን ዙር ሳጥኖች በሙሉ 0 አድርጉና ሌሎቹ ማሳዎች እንዴት እንደሚካሱ እዩ። እንደ ምሳሌያችን ላለ ትንሽ ዕቅድ ስሌቱ ብዙ ጊዜ አይወስድም።